አባባ፣ ገንዘቡን አይመልሱት

ሐምሌ 14 ቀን 2001 ዓ.ም.
ባግዳድ

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? እናቴስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን ላሳጥርና ወደ ነገሬ ልግባ፤ ሆዴ አልችል ብሎኛል።

ለዓይንዎ ሕክምና የላክሁትን ገንዘብ «የጦር ሜዳ ብር አልነካም፣ መልሱለት» ማለትዎን እህቴ ሚጡ ነገረችኝ። «ልጄ አገሩን ካደ» ብለውም ለጎረቤት አውርተዋል። ከዚያ ወዲያ ስደውል ስልኩን አይቀበሉኝም። ስለዚህ ሚጡ ይህን ታንብብልዎ። እባክዎ እስከ መጨረሻው ያድምጡኝ።

በዲቪ አሜሪካ እንደሄድኩ ያውቃሉ። ግሪን ካርድ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዳቸውን፣ የያዘ ሰው ዜግነት ለመጠየቅ አምስት ዓመት መቆየት አለበት። ወላጆቹንም ማስመጣት አይችልም። ዜጋ ከሆነ ግን ለእናት ለአባት ወረፋ የለም። ፕሬዚዳንት ቡሽ በፈረንጆቹ 2002 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ላይ በፈረሙት ትእዛዝ፣ ከመስከረም 11ዱ አደጋ ወዲህ በጦርነቱ ዘመን በአሜሪካ ሠራዊት በክብር ያገለገለ የውጭ ሰው ዓመት ሳይቆጠርበት ማመልከት ይችላል። ሌላው 675 ዶላር የሚከፍልበትን እኛ በነፃ እናስገባለን። እኔ ዩኒፎርም የለበስኩት ይህንን አስልቼ ነው። እናንተን አስቤ ነው።

ሰኔ 27 የአሜሪካኖቹ የነፃነት በዓል ነው። የዚያን ዕለት እዚሁ ባግዳድ፣ ሳዳም ሁሴን ባሠራው አል ፋው ቤተ መንግሥት ውስጥ የዜግነቱን ቃል ማልን። ከ59 አገር የተሰባሰብን 237 ወታደሮች ነበርን፤ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጆ ባይደንም መጥተው ነበር። አዳራሹ እምነ በረድ ነው። ከጣሪያው የተንጠለጠለው መብራት የእኛን ሳሎን ያህላል። ቀኝ እጃችንን አንሥተን ቃሉን ስንከተል፣ ለቀድሞ አገር ያለን ታማኝነት ቀርቷል የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ አልወጣ አለኝ። ከጎኔ የነበረው ጋናዊ ጮክ ብሎ ይምላል። ጉሮሮዬን ጠርጌ እኔም አልኩት። አልዋሽዎትም አባባ፣ አልኩት። ወረቀቱን ሲሰጡኝ ፎቶዬ ከጥጉ ተለጥፎበታል፣ የእርስዎ ስም ከስሜ ቀጥሎ ተጽፏል። እሱን ሳየው ነው እንባዬ የመጣው።

አያቴ በ1943 ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ሲዘምት ከአሜሪካ ሰባተኛ ክፍለ ጦር ጎን ነበር የተሰለፈው። «ከቃኘው አንድም ሰው አልተማረከም» እያሉ ነው ያሳደጉኝ። አሁን ምን እንደሚሉኝም አውቃለሁ። እሱ በንጉሡ ትእዛዝ የአገሩን ባንዲራ ይዞ ሄደ፣ ይዞትም ተመለሰ። እውነትዎን ነው። እኔን ግን ማን ላከኝ? ስሄድ እኮ መርቀው የሸኙኝ እርስዎ ነዎት።

ደግሞ የእኛም ሕግ አልማረኝም። በ1996 በወጣው የዜግነት አዋጅ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱ ይቀርበታል። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠውን ቢጫ ካርድ ካወጣሁ ያለ ቪዛ ገብቼ መኖርም መሥራትም እችላለሁ። መምረጥና መመረጥ ግን አልችልም፤ በመከላከያ መቀጠርም አይፈቀድልኝም። ለሰው አገር ዘብ ቆሜ ለራሴ አገር መቆም ተከለከልኩ። እርስዎን ብቻ የሚያንገበግብ እንዳይመስልዎ።

«ጥለህ ና» ማለትዎንም ሰምቻለሁ። አይሆንም። የአምስት ዓመት አገልግሎት ሳይሞላኝ ያለ ክብር ብሰናበት ያገኘሁት ዜግነት ሊነጠቅ ይችላል፤ ያኔ ከሁለት ያጣ እሆናለሁ። ሥራዬ ስንቅና ነዳጅ ማመላለስ ነው። ምግቡ ይተርፋል፣ መኝታችን ቀዝቃዛ አየር አለው። የእናቴ ማተብ ከአንገቴ አልወረደም። ሌሊት መንገድ ስንወጣ በእጄ እይዘዋለሁ። ከጓቲማላ የመጣ አንድ ወታደር ጦርነቱ በተጀመረ ሰሞን ሞቶ፣ ዜግነቱ የተሰጠው ከሞተ በኋላ ነው። እኔ ቆሜ ተቀብያለሁ። ሚጡ፣ ይሄኛውን እናቴ ባለችበት አታንብቢው።

እናንተ ጋ ክረምት ነው። እዚህ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ያልፋል፣ የመኪናው በር እጅ ይፋጃል። እኔ ግን ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ የደብረ ብርሃን ብርድ ነው። እርስዎ ባና ተከናንበው ምድጃው ዳር ሲቀመጡ፣ እናቴ ገብስ ስትቆላ፣ ጭሱ ዓይናችንን ሲያስለቅሰን። ያ ጭስ ናፈቀኝ።

የሚጡን ነገር ደግሞ ልጠይቅ። ሽማግሌ ሲላክ «መጀመሪያ ወንድሟ ይጠየቅ» ብለው እንደመለሷቸው ነግራኛለች። እንዲህ እየተቆጡኝም እኔን አስቀደሙ። ልጁ አስተማሪ ነው፣ ሰው ያከብራል አሉኝ፤ እሺ ብያለሁ፣ እርስዎም እሺ ይበሉ። ድንኳኑ ግቢያችን ውስጥ ይተከል፣ አዳራሽ የምትለውን አይስሟት። በሬውን እኔ እገዛለሁ። ጠላው የእናቴ ይሁን፣ ጌሾውን ሌላ ሰው እንዳይነካባት። የ15 ቀን ፈቃድ አለኝ፣ ለጥር ይሁንልኝ ብዬ ጠይቄያለሁ። ከተፈቀደልኝ ቦሌ ላይ እንደ ፈረንጅ ቪዛ አስመትቼ እገባለሁ፤ ምን ይደረግ። ካልተፈቀደልኝ የእኔንም ፋንታ እርስዎ ይመርቋት።

ግን ሙሽራዋን ሳያዩ እንዴት ይመርቋታል? ባለፈው ጊዜ ሚጡን በድምጿ ብቻ እንደለዩዋት ሰምቻለሁ። ሐኪሙ ሞራ ነው፣ ይነሣል ብሏል። ፍልሰታ ሳይገባ ከአጎቴ ጋር አዲስ አበባ ይውረዱ። ገንዘቡ አልተመለሰም፣ ቁጥሩ ሚጡ ጋ አለ፤ መታወቂያዋን ይዛ ትሂድና ታውጣው። ሰው ገድዬ ያገኘሁት አይደለም፣ ነዳጅ ጭኜ ያገኘሁት ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ። ቢቆጡኝም ይቆጡኝ፣ ስልኩን ግን እርስዎ ያንሡት።

ልጅዎ