ወገቤ ለብቻው፣ እግሬ ለብቻው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ አሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች የዲሰቢሊቲ ክፍያ፣ ማለትም ቪኤ (የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) በአገልግሎት ለደረሰ ጉዳት በፐርሰንት እየመዘነ ስለሚከፍለው ገንዘብ፣ ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤ በጣም ተናድጃለሁ። ስለ ፒቲኤስዲ (ከአስደንጋጭ ነገር በኋላ ስለሚቀር የአእምሮ ጭንቀት) የጻፋችሁት ጥሩ ነው። ስለ ጆሮ ጩኸትም እንዲሁ። መሀል ላይ ግን ከወገብ ወደ እግር የሚወርድ የነርቭ ሕመም፣ ማለትም ሳያቲካ፣ በወገቡ ፐርሰንት ውስጥ ስለሚካተት ለብቻው አይጠየቅም ብላችኋል። ስህተት ነው። ሰው ገንዘቡን የሚያጣበት ስህተት ነው።

ደንቡ ለማንም ክፍት ነው። በፌዴራል ደንቦች 38ኛ ርዕስ፣ ክፍል 4 ውስጥ አለ። የአከርካሪውን ሠንጠረዥ የከፈተ ሰው ሥሩ ያለውን የመጀመሪያ ማስታወሻ ያነባል። ከአከርካሪው ችግር ጋር የተያያዘ፣ በምርመራ የሚታይ የነርቭ ጉዳት በራሱ ኮድ (የጉዳት መለያ ቁጥር) ለብቻው ይመዘን ይላል። የሳያቲክ ነርቭ ኮድ 8520 ነው። ቀላል ከሆነ 10 ፐርሰንት፣ መካከለኛ ከሆነ 20፣ ከዚያ ከፍ ካለ 40፣ ጡንቻው በግልጽ እስኪሰልል ከጎዳ 60፣ ነርቩ ጨርሶ ሥራ ካቆመ 80። ይህ ለአንድ እግር ነው። ሁለቱም ከተጎዱ ሁለቱም ይመዘናሉ፤ በላዩም ትንሽ ጭማሪ አለ።

ጋዜጠኛችሁ ከየት እንዳመጣው እገምታለሁ። የዚያው ሠንጠረዥ መግቢያ የወገብ ሕመም «ቢሰራጭም ባይሰራጭም» በወገቡ ምዘና ይታያል የሚል ሐሳብ አለው። ለአንድ ምልክት ሁለት ጊዜ አይከፈልም የሚል ደንብም አለ። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። ነገር ግን እግሩ የደነዘዘ፣ ሪፍሌክሱ የጠፋ፣ እግሩን ቀና አድርጎ ማንሣት ያቃተው ሰው «ሕመሜ ተሰራጨ» ብቻ እያለ አይደለም። ነርቩ ተጎድቷል። ያ ሌላ ጉዳት ነው፤ ሌላ ኮድ አለው። ማስታወሻው የተጻፈው ለዚህ ነው። መግቢያውን አንብቦ ማስታወሻውን መዝለል ምን ዓይነት ዘገባ ነው?

በገንዘብ ላሳያችሁ። በእ.ኤ.አ. 2025 ተመን፣ ለወገቡ 20 ፐርሰንት የተሰጠው ሰው በወር 346.95 ዶላር ያገኝ ነበር። ለሁለቱ እግሮቹ 10፣ 10 ቢጨመርለት በቪኤ አደማመር 40 ፐርሰንት ይደርስ ነበር። ያ ቤተሰብ ለሌለው ሰው 774.16 ዶላር ነበር። 30 ፐርሰንትና ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ ለትዳር ጓደኛው፣ ለልጆቹና በእሱ ገቢ ለሚኖሩ ወላጆቹ ጭማሪ መጠየቅ ይችላል። ከእኛ መካከል አባቱንና እናቱን የማይረዳ ማን አለ?

እኔ በአሜሪካ ጦር የጭነት መኪና ሹፌር ነበርኩ። አፍጋኒስታን ውስጥ የጥይት መከላከያ ለብሶ ቀኑን ሙሉ በጎርባጣ መንገድ መንዳት ወገብን ምን እንደሚያደርግ የነዳ ያውቀዋል። ዲስኬ ነርቩን ተጫነው። ግራ እግሬን ከዳሌዬ ጀምሮ እስከ ትንሿ ጣቴ ይነዝረኛል። ሌሊት ያነቃኛል። መኪና ውስጥ ብዙ መቀመጥ አልችልም፤ የማውቀው ሥራ ደግሞ እሱ ነበር።

ለምርመራ የላኩኝ በኮንትራት የሚሠራ አንድ ክሊኒክ ነው። መርማሪው ጎንበስ በል፣ ቀና በል አለኝ። ወገቤ ስንት ዲግሪ እንደሚታጠፍ ለካ። ስለ እግሬ መናገር ስጀምር «ዛሬ የመጣኸው ለወገብህ ነው» ብሎ አቋረጠኝ። ጉልበቴን በመዶሻ አልነካም። እግሬን አላነሣም። ሪፖርቱ ሲደርሰኝ ግን የነርቩ ክፍል በሙሉ ተሞልቷል። ሪፍሌክስ ኖርማል፣ ስሜት ኖርማል፣ የጡንቻ ጉልበት ኖርማል። ያልነካውን እግር ጤነኛ ነው ብሎ ፈረመበት! ይህን ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ይግባኝ ያልኩት በዚያ ወረቀት ነው። የቪኤ ከፍተኛ ገምጋሚ ምርመራው ጉድለት እንዳለበት ተቀብሎ መዝገቡን መለሰው። እንደገና መረመሩኝ። በኢኤምጂ (የጡንቻና የነርቭ ኤሌክትሪክ ምርመራ) የነርቩ ጉዳት ታየ። አሁን ወገቤ ለብቻው ተመዝኗል፤ እግሬም ለብቻው። ያኔ እናንተን አንብቤ ቢሆን ኖሮ ወረቀቱን አጥፌ አስቀምጠው ነበር።

ሌላው ያናደደኝ፣ በአማርኛ ለሐበሻ በተጻፈ ዘገባ ውስጥ አንድም ሐበሻ ወታደር አለመኖሩ ነው። በዲቪ መጥተን በግሪን ካርድ የተመለመልን አለን። እ.ኤ.አ. በ2009 ምልመላ በጀመረው የማቭኒ ፕሮግራም በአማርኛ ችሎታቸው የገቡ አሉ። አንዳችንን ብትጠይቁ የትም የማይጻፈውን እንነግራችሁ ነበር። ሐኪም «እንዴት ነህ» ሲለን «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት አስተዳደጋችን ነው። እያነከስን የገባን እንኳ እንዲያ እንላለን፤ መርማሪው ደግሞ የሰማውን ይጽፋል። ጦር ውስጥም ሲክ ኮል (አሞኛል ብሎ ሕክምና መሄድ) የሚያበዛ ሰው ሰነፍ ስለሚባል ችለን ዝም አልን። ስለዚህ ብዙዎቻችን በአገልግሎት ዘመናችን የተጻፈ የሕክምና ማስረጃ የለንም። ይህም ቢሆን ተስፋ አያስቆርጥም። አብሮ ያገለገለ ሰው ያየውን ቢጽፍ ማስረጃ ነው። ለሁለቱም ወገን ያለው ማስረጃ እኩል ሲሆን ደግሞ ሕጉ ጥርጣሬው ለወታደሩ ይሁን ይላል።

ይህን ሁሉ በስልክ ብነግራችሁ ይበቃ ነበር። በጽሑፍ የማደርገው በአንድ ወንድማችን ምክንያት ነው። አብረን አገልግለናል። ለእግሩ ያቀረበውን ጥያቄ ከልክለውታል፤ ይግባኙን እያዘጋጀ ነበር። ዘገባችሁን አንብቦ ተወው። «ያው ተካቷል አሉ እኮ፣ ምን አደክመኛል» አለኝ።

ለይግባኝ ከውሳኔው ደብዳቤ ቀን ጀምሮ ያለው ጊዜ አንድ ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2019 ጀምሮ ሦስት መንገድ አለ። ማስረጃው መዝገቡ ውስጥ ካለና ስህተቱ የገምጋሚው ከሆነ በከፍተኛ ገምጋሚ ማሳየት ይቻላል፤ እዚያ ግን አዲስ ማስረጃ አይቀበሉም። አዲስ ማስረጃ ያለው፣ ለምሳሌ ኢኤምጂ ያሠራ ወይም ሐኪሙ ከወገቡ ጋር አያይዞ የጻፈለት፣ ተጨማሪ ክሌይም (የክፍያ ጥያቄ) ያስገባል። ሦስተኛው የይግባኝ ቦርድ ዳኛ ነው። ዓመቱ ካለፈ ተጨማሪ ክሌይም ማስገባት አይከለከልም። ነገር ግን ክፍያው ከመጀመሪያው ማመልከቻ ቀን መቆጠሩ ይቀራል፤ የወራት ገንዘብ ይቀልጣል። በነጻ የሚረዱም አሉ። ዲኤቪ፣ አሜሪካን ሊጅን፣ ቪኤፍደብሊው የሚባሉት የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ፈቃድ ያላቸው ተወካዮች አሏቸው። ማኅበረሰባችን ውስጥ ፈቃድ ሳይኖረው ገና ክሌይም ሳይገባ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ራቁት።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ማስተካከያውን ታች በትንሽ ፊደል ሳይሆን ዘገባው ራስ ላይ አውጡት። ስህተቱን ባሰራጫችሁበት የፌስቡክና የቴሌግራም ገጽ ሁሉ ልቀቁት። የኮድ ቁጥሩንና ማስታወሻውን ጻፉበት፤ ሰው ይዞት ለተወካዩ ያሳያል። የወንድማችን ቀነ ገደብ በዚህ ወር መጨረሻ ነው። እሱን እኔ አግኝቼዋለሁ፤ ቅጹንም አብረን እየሞላን ነው። እኔ የማላውቃቸውን አንባቢዎቻችሁን ግን ማግኘት የምትችሉት እናንተ ብቻ ናችሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የቀድሞ ወታደር፣ ከሜሪላንድ