ይድረስ ለልጄ፦ ወደ ሙዚቃው ሜዳ ከመሄድሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እናትሽም እኔም ደኅና ነን። ከጓደኞችሽ ጋር ሦስት ቀን ሙሉ በሜዳ ላይ ወደሚካሄድ ትልቅ የሙዚቃ ፌስቲቫል ልትሄጂ መሆኑን ስትነግሪኝ ደስ አለኝ ያልኩሽ ከልቤ ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ልነግርሽ የሚገባኝን ሁሉ ሳልነግርሽ መቅረቴ ከነከነኝ። በስልክ ምክር ሲረዝም ደግሞ «እሺ አባዬ» ብሎ ማለፍ ይቀላል። ደብዳቤ ግን ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ በመንገድ ላይም ይነበባል።

አስተውለሽው እንደሆነ አላውቅም፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ ከእኔ ጋር ስታወሪ የምትቀመጪው በቀኜ በኩል ነው። ማንም አላስተማረሽም። በግራዬ ስትሆኚ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ መናገር ስለሚኖርብሽ ቦታሽን ራስሽ መረጥሽ። ግራ ጆሮዬ የተጎዳው በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ በአንድ ምሽት ነው። ከመድረኩ ሥር ቆመን ነበር፤ ትልቁ ድምፅ ማጉያ በግራዬ በኩል፣ ክንዴን ብዘረጋ የምነካው ያህል ቅርብ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጆሮዬ መጮኽ ጀመረ። ምልክቱን ሰምቻለሁ። ነገር ግን ጓደኞቼ ከቦታቸው የሚነቃነቁ አልመሰለኝም፤ ከእነርሱ መለየት አሳፈረኝና ሁለት ሰዓት ተጨማሪ ቆምኩ። በማግስቱ ቀኝ ጆሮዬ ጩኸቱን ተወ። ግራው ግን ይኸው እስከ ዛሬ፣ ቤቱ ሁሉ ሲተኛ፣ እንደ ቀጭን ፉጨት ይሰማኛል።

ይህን የማነሳው እንድትቀሪ ብዬ አይደለም። ሙዚቃን በሺህ ከሚቆጠር ሰው ጋር በሰማይ ሥር መስማት ከሰው ልጅ ደስታዎች አንዱ ነው፤ እንዲያመልጥሽ አልፈልግም። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ቦታ የሚደርስ ጉዳት ብዙውን ጊዜ ሳያስታውቅ አይመጣም። አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል። እኔ ምልክቱን አይቼ ያለፍኩት በይሉኝታ ነው፤ አንቺ እንዳታልፊው ነው ይህ ሁሉ ጽሑፍ።

ስለ ጆሮሽ በደንብ ልንገርሽ። የድምፅ ጉልበት የሚለካው በዴሲቤል ነው። የሥራ ደኅንነት ባለሙያዎች በተለምዶ የሚጠቀሙበት ስሌት 85 ዴሲቤል ድምፅን ለ8 ሰዓት መስማት ይቻላል ይላል። ከዚያ በላይ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በ88 አራት ሰዓት፣ በ91 ሁለት ሰዓት እያለ ይወርድና 100 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። በትልልቅ መድረኮች ፊት 100 ዴሲቤል ብርቅ አይደለም። የሚጎዱት በውስጠኛው ጆሮ ያሉ፣ ድምፅን ወደ አእምሮ የሚያስተላልፉ ጥቃቅን ፀጉር መሰል ሕዋሳት ናቸው። እነዚህ በሰው ላይ አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። የእኔ ፉጨት የማይጠፋው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከዚህ ደብዳቤ ጋር የጆሮ መድፈኛ ልኬልሻለሁ። አንደኛው ጥንድ ማጣሪያ ያለው ነው፤ ሙዚቃውን አያፍነውም፤ ቀጭኑንም ወፍራሙንም ድምፅ በተመጣጠነ መንገድ ዝቅ ያደርጋል፤ እንዲያውም የዘፋኙ ቃል ጠርቶ ይሰማሻል። ሌሎቹ ከስፖንጅ የተሠሩ ርካሽ ናቸው፤ ለረሳ ጓደኛሽ ስጪው። የስፖንጁ አገባብ ዘዴ አለው። በጣቶችሽ አሽተሽ እንደ ቀጭን እንጨት አጥብቂው፤ በሌላው እጅሽ የጆሮሽን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርገሽ አስገቢው፤ ከዚያ እስኪያብጥ ድረስ ግማሽ ደቂቃ ያህል በጣትሽ ያዢው። እንዲሁ ከላይ የተሸጎጠ መድፈኛ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ጥጥና ሶፍትም እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም የላቸውም፤ አትታለዪ። ጆሮሽ ቢጮኽ ወይም የሰው ድምፅ ከውኃ ሥር እንደሚመጣ ሆኖ ቢሰማሽ፣ ያኔውኑ ከድምፅ ማጉያው ራቂና ጸጥ ባለ ቦታ ዕረፍት አድርጊ።

ከመድረኩ ፊት መቆም ክብር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እኔ አልስማማም። ድምፁ ከሁሉ የሚያምረው የድምፅ ባለሙያው ከነመሣሪያው በተቀመጠበት፣ በሜዳው መካከል ባለው አጥር ዙሪያ ነው። ባለሙያው ሙዚቃውን የሚያስተካክለው እዚያው ቆሞ በሚሰማው ልክ ስለሆነ፣ ከአጠገቡ የቆመ ሰው እርሱ የሰማውን ይሰማል።

ፊት ለፊት የመቆም ነገር ሌላም ፍርሃት ያስገባኛል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2000 በዴንማርክ ሮስኪልዴ ፌስቲቫል ላይ ሕዝቡ ወደ መድረኩ ሲገፋ በተፈጠረው መጨናነቅ 9 ወጣቶች ሞተዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 በጀርመን ዱይስቡርግ በተካሄደው የሙዚቃ ዝግጅት ደግሞ 21 ሰዎች ያለቁት ከመድረኩ ፊት ሳይሆን ወደ ሜዳው በሚያስገባው ጠባብ መንገድ ላይ ነው። በእንዲህ ያለ አደጋ ሰው የሚሞተው በአብዛኛው ተረግጦ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። ደረት በአራቱም ወገን ሲታመቅ ሳንባ ለመስፋት ቦታ ያጣል፤ ሰው ቆሞ ሳለ ትንፋሽ ያጥረዋል።

ይህም ምልክት አለው። አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሦስት አራት ሰው ሲቆም መንቀሳቀስ ትችያለሽ። ከአምስት ካለፈ እጅሽን አንስተሽ ፊትሽን መንካት ያቅትሻል። ከዚያ በላይ ሲሆን ሕዝቡ እንደ ውኃ ይሆናል፤ አንዱ ጫፍ ሲገፋ ማዕበሉ እስከ ሌላው ጫፍ ይደርሳል፤ ማንም ሰው የራሱን እግር አያዝም። እንግዲህ ከሁሉም ወገን ሰው ትከሻሽን ሲነካሽ፣ ወይም ሳትፈልጊ አንድ እርምጃ ስትወሰጂ፣ ያ ሰዓት የመውጫሽ ሰዓት ነው። የምትወጂው ዘፋኝ ሊወጣ አንድ ደቂቃ ቢቀረውም ውጪ። ከዚያ በኋላ መውጫ ላታገኚ ትችያለሽ።

መውጣት ሳትችይ ብትቀሪስ? ሁለት እጆችሽን አጥፈሽ ከደረትሽ ፊት እንደ ቦክሰኛ ያዢ፤ ለሳንባሽ ትንሽ ክፍተት ይጠብቅልሻል። አትጩኺ፤ ትንፋሽሽን ቆጥቢ። ግፊቱን ፊት ለፊት አትግጠሚው፤ ሲመጣ አብረሽው ሂጂ፤ ረገብ ባለ ቁጥር በሰያፍ ወደ ጎን፣ ወደ ዳር ተሻገሪ። የወደቀ ነገር ለማንሣት፣ ስልክሽ እንኳ ቢሆን፣ አታጎንብሺ። ከወደቅሽ ወዲያው ለመነሣት ሞክሪ፤ ካልቻልሽ በጎንሽ ተኝተሽ፣ ጉልበትሽን ወደ ደረትሽ ሰብስበሽ ራስሽን በክንዶችሽ ሸፍኚ። በአጠገብሽ የወደቀ ሰው ካለ ከሌሎች ጋር ሆነሽ አንሽው፤ ለአስተናባሪዎችም እጅሽን እያወዛወዝሽ አሳዪ። ከአጥር፣ ከግድግዳና ከማዕዘን ራቂ፤ ግፊት የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ገና ስትገቢም የገባሽበትን በር ብቻ ሳይሆን ሌሎቹን መውጫዎች በዓይንሽ ፈልጊያቸው።

ፀሐይና ውኃ ላይ እናትሽ የተናገረችሽን አልደግመውም። እኔ የምጨምረው ይህን ነው፦ የፀሐይ መከላከያ ቅባት በየሁለት ሰዓቱ ካልታደሰ ጥቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ላብ ካለ ደግሞ ቶሎ ይታጠባል። ውኃን ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ ጠጪ። በሙቀት ለብዙ ሰዓት ስትጨፍሪ ከላብሽ ጋር ጨውም ስለሚወጣ፣ ሳትበዪ ውኃ ብቻ አብዝቶ መጠጣት ራሱ አደጋ አለው፤ ጨው ያለው ምግብ ቅመሺ። ጓደኛሽ ራሷን ካዞራት፣ ካቅለሸለሻትና ላብ ካጠመቃት ወደ ጥላ ወስደሽ አስተኚያት፤ ውኃ ስጫት። ንግግሯ ከተዘባረቀ፣ ሰውነቷ እንደ እሳት ከጋለ ወይም ራሷን ከሳተች ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የሙቀት ምት ሊሆን ይችላልና ሐኪም ጥሪ፤ እስኪመጣም ድረስ በቀዝቃዛ ውኃ አርጥቢያት፤ አራግቢላት። ራሷን ለሳተች ሰው የሚጠጣ ነገር በአፏ አታድርጊ።

መጠጥን በተመለከተ አባት ስለሆንኩ አትጠጪ ማለቴ አይቀርም፤ ብያለሁም። ከዚህ በተረፈ ዓይንሽ እያየ ያልተከፈተ ነገር ከማንም አትቀበይ፤ ትተሽው የሄድሽውን ብርጭቆ ተመልሰሽ አታንሺው። ከእናንተ መካከል ሳያስብ የማይሆን ነገር የወሰደ ሰው ቢኖርና ቢታመም፣ ወደ ሕክምናው ድንኳን ውሰዱት፤ ለሐኪሞቹም የወሰደውን ሳትደብቁ ንገሯቸው። የእነርሱ ሥራ ሕይወት ማትረፍ ነው። በእንዲህ ያለ ሰዓት እፍረት ሰው ይገድላል።

ስልክሽን ብዙ አትመኪበት። አሥር ሺዎች በአንድ ሜዳ ላይ ሲሰበሰቡ መስመሩ ይጨናነቃል፤ የድምፅ ጥሪ እምቢ ባለበት ሰዓት አጭር የጽሑፍ መልእክት ብዙ ጊዜ ያልፋል። ትኬትሽንና የሜዳውን ካርታ ከቤት ሳትወጪ ስልክሽ ላይ አስቀምጪ። የእኔንና የአንድ ጓደኛሽን ቁጥር በወረቀት ጽፈሽ ኪስሽ ውስጥ ያዢ፤ ባትሪው ያለቀ ስልክ ቁጥር አያስታውስም። ገና ስትደርሱ የመገናኛ ቦታና ሰዓት ቁረጡ። «መድረኩ አጠገብ» የሚባል መገናኛ የለም፤ ሃምሳ ሺህ ሰው መድረኩ አጠገብ ነው። የማይንቀሳቀስ፣ በሌሊትም የሚታይ፣ ከሕዝቡ ወጣ ያለ ነገር ምረጡ፤ ለምሳሌ የሕክምናው ድንኳን መብራት።

ስለ ድንኳኑ ብዙ አልልም። ከፍ ያለና የማያዘቀዝቅ መሬት ፈልጊ፤ ጎድጓዳው ሲደርቅ ቢያምርም ዝናብ ሲመጣ ኩሬ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1969 ከ400,000 በላይ ሰው የተገኘበት የአሜሪካው የዉድስቶክ ፌስቲቫል ሜዳ እንኳ በዝናብ ጭቃ ሆኖ ነበር፤ ጭቃ ከፌስቲቫል የማይለይ ነው። የድንኳኑን አተካከል ሜዳው ላይ ሳይሆን ከሳምንት በፊት ተለማመዱት፤ ካስማው ጎድሎ መሆኑን በጨለማ ማወቅ አያስደስትም። ሌሊት ብርዱ የሚገባው ከታች ነውና ከብርድ ልብሱ ይበልጥ ለምንጣፉ አስቢ። ከሰልም ሆነ የጋዝ ምድጃ በምንም ምክንያት ድንኳን ውስጥ አይግባ። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ጫማሽ የተለማመድሽው፣ ጣት የሚሸፍን ይሁን፤ ሁለት ጥንድ ደረቅ ካልሲ በላስቲክ ጠቅልለሽ ያዢ።

ነጎድጓድ ከሰማሽ መብረቁ ሊደርስብሽ በሚችልበት ርቀት ላይ ነሽ ማለት ነው። ዛፍ ሥር፣ ድንኳን ውስጥ፣ ከመድረኩ የብረት ማማ አጠገብ አትጠለዪ፤ ሕንፃ ወይም ጣራው ብረት የሆነ መኪና ውስጥ ግቢ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጪ፤ ሙዚቃው ቢቀጥልም።

ሙዚቃውን ግን አጣጥሚው። ሁሉንም ለማየት አትሩጪ፤ በቀን ሦስት አራት ዘፋኝ ይበቃል። በቀትር፣ ሰው ሳይበዛ፣ በትንሹ መድረክ ላይ የሚጫወቱትን ስማቸውን ሰምተሽው የማታውቂውን ሙዚቀኞች ሂጂና ስሚ። እነርሱ የመጣላቸውን ሰው ፊት አንድ በአንድ እያዩ ነው የሚጫወቱት። ስልክሽንም ሁልጊዜ ወደ ላይ አትያዢው፤ ከኋላሽ ያለው ሰው ማየት ይፈልጋል።

በመጨረሻው ምሽት መውጫው ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይፈስሳል። ወይ ከመጨረሻው ዘፈን ትንሽ ቀድማችሁ ውጡ፤ ወይ ተቀምጣችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። እኔ መቀመጡን እመርጣለሁ፤ ጆሯችሁም ያርፋል። መንገድ ላይ ስትደርሺ መልእክት ላኪልኝ፤ እስኪደርሰኝ አልተኛም። መርዘም የለበትም፤ «ወጥተናል» የሚል አንድ ቃል ይበቃኛል።

የሚወድሽ አባትሽ