«ጠራ» እንጂ «ተራ» አላለም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ታናሽ እህቴ መስማት የተሳናት ናት። ዜና የምትከታተለው በስልኳ፣ ከቪዲዮው ግርጌ የሚወጣውን ጽሑፍ እያነበበች ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ጣቢያ ላይ «ፍርድ ቤቱ ምስክር ጠራ» የተባለው «ምስክር ተራ» ሆኖ ወጣ። ግራ ገብቷት ወደ እኔ ዞረች።

ይህን ጽሑፍ ድምፁን እየሰማ የሚያወጣው ማሽን ነው፤ ማሽን ደግሞ የሚጽፈው በለመደው ጆሮ ነው። ለምሳሌ ኦፕንኤአይ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው፣ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ዊስፐር 680,000 ሰዓት ድምፅ ሰምቶ ሲሠለጥን አብዛኛው እንግሊዝኛ ነበር፤ እንግሊዝኛ ደግሞ «ጠ»ም «ቀ»ም የለውም።

ጣቢያዎቹ ምስሉ እንዳይቆራረጥ መድከማቸው ደግ ነው። ግን ዜና አንባቢው እኮ የሚያነበው አስቀድሞ የተጻፈ ነው! ማሽኑ በግምት ከሚጽፍ ያንኑ ጽሑፍ ተቀብሎ ከድምፁ ጋር ቢያዛምደው ምናለበት? ሥራውም ይቀለዋል።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ