ከባክታፑር፣ ስለ እናትህ

ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። ስለ ዝምታዬ ይቅር በለኝ፤ ምክንያት አልደረድርም።

ትናንት ጠዋት እዚህ ኔፓል፣ ባክታፑር ውስጥ አስከሬን ተሸክመው ወደ ወንዝ የሚወርዱ ሰዎች አየሁ። «ዘመዶቹ ናቸው?» ብዬ ያከራዩኝን አዛውንት ብጠይቃቸው «ሲ ጉቲ ነው» አሉኝ። ኔዋሮች፣ የካትማንዱ ሸለቆ ነባር ሕዝብ፣ ሰው ሲሞትባቸው ሬሳውን ተሸክሞ ሥርዓቱን የሚያደርስላቸው ማኅበር ነው። አባልነቱ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ የቀረ ይቀጣል። እድር እኮ ነው! እናትህ የእድሩን መዝገብ ጭናቸው ላይ ዘርግተው «የራሴም ልጅ ቢሆን ይቀጣል» ሲሉ መንገዱ ላይ ታዩኝ። ከቀብራቸው የቀረሁት ግን እኔ ነኝ።

ጉቲ የሚባለው ማኅበር (ሲ ጉቲ አንዱ ዓይነቱ ነው) ከማላ ነገሥታትም በፊት ነበረ። እነሱ ከ1200 ገደማ ጀምሮ ሸለቆውን ሲገዙ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ለጉቲዎች መሬት ይሰጡ ነበር፤ በምርቱ መቅደሱ ይጠገናል፣ በዓሉ ይከበራል። ንጉሥ ያክሻ ማላ በ1482 ከሞተ በኋላ አገሩ ለካትማንዱ፣ ለፓታንና ለባክታፑር ተከፈለ። ሦስቱ ቤተ መንግሥቶች መዋጋቱ አልበቃ ብሏቸው በግንባታም ተፎካከሩ፤ ይህን ሁሉ ውበት ያቆየልን የኔዋር አናጢና ጠራቢ እጅ ነው። አንተ «ጡብና እንጨት ምን ይቆማል» ባይ፣ ና እይ! ቡፓቲንድራ ማላ በ1702 ያሠራው ባለ አምስት ጣሪያው ኛታፖላ፣ 30 ሜትር ያህል ቁመት ይዞ የ1934ንም የ2015ንም የመሬት መንቀጥቀጥ አልፎ ቆሟል። መቼ ነው የምትሸነፍልኝ?

ባክታፑር በ1769 በጎርካው ንጉሥ በፕሪትቪ ናራያን ሻህ እጅ ስትወድቅ የማላዎች ዘመን አበቃ። ጉቲው ግን አለ። በ2019 መንግሥት ጉቲዎችን የሚነካ ረቂቅ ሕግ ሲያቀርብ ሕዝቡ ካትማንዱን አጥለቀለቃት፤ መንግሥትም ረቂቁን መልሶ ወሰደ።

ካትማንዱ መሃል ራኒ ፖካሪ የሚባል ኩሬ አለ። ልጃቸው ሞቶ ንግሥቲቱ በሐዘን ስትጎዳ፣ ንጉሥ ፕራታፕ ማላ በ1670 ያሠራላት ነው። ትናንት ማታ አጥሩን ተደግፌ ብዙ ቆየሁ። እኔ ላንተ አንድ ስልክ እንኳ አልደወልኩም። ቁጥርህን ስንቴ አውጥቼ... ተወው።

አዛውንቱ የእኛ እድር ደንብ ምን እንደሚል ጠይቀውኛል። እናትህ በእጃቸው የጻፉት ካለ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ወይም አትላክ፤ ቅዳሜ ልደውልና አንተው አንብብልኝ። ታነሳዋለህ?