አክተር አይሞትም

ሚሚዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ሰሞኑን በርበሬ ስታዘጋጅ ስለከረመች ቤት ውስጥ የማያስነጥስ የለም።

በደብዳቤ የመጣሁት በስልክ ስለማልችልሽ ነው። አንቺ ቶሎ ትመልሻለሽ። ለኔ ጥሩ መልስ የሚመጣልኝ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ነገሩ የገናው ነው። ፍላሹን ሰክተን የእንግሊዛዊውን ሰላይ የጄምስ ቦንድን ፊልም፣ «ጎልድፊንገር»ን፣ ስንጀምር ደስ ብሎኝ ነበር። የአባቴ ፊልም፣ የኔም ፊልም፣ አሁን ደግሞ ያንቺ ሊሆን ነው ብዬ። ገና ከመጀመሩ፣ መዋኛው ጋ፣ ቦንድ ሆኖ የሚሠራው ሾን ኮነሪ ልጅቷን «የወንድ ወሬ አለን» ብሎ መቀመጫዋን መታ አድርጎ ሲሸኛት ፊትሽ ተለወጠ። ዝም አልሽ። ጋጣው ጋ ስንደርስ ግን አልቻልሽም። ሴትዮዋ ትገፋዋለች፣ እሱ ጭድ ላይ ይጫናታል። ከዚያ ሙዚቃው ለስለስ ይላል፣ እጇም አንገቱ ላይ ይጠመጠማል። ሪሞቱን አንስተሽ አቆምሽው። «አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልሽኝ። «የድሮ ፊልም ነዋ» አልኩሽ። ሻይ ላፍላ ብለሽ ተነሳሽ። ሻዩም አልመጣም።

ከዚያ ወዲህ ሳስበው ነው የከረምኩት። ያን ፊልም ቢያንስ አሥር ጊዜ አይቼዋለሁ። ስለ መኪናዋ ብትጠይቂኝ አስቶን ማርቲን ዲቢ 5 መሆኗን፣ ታርጋዋ እንደሚገለባበጥ፣ የጎን ወንበሯ ሰው ይዞ በጣሪያ እንደሚወረወር እነግርሻለሁ። ጋጣውን ግን አላስታውሰውም ነበር። እውነቴን ነው። የባሰው ደግሞ ታሪኩ የሚዞረው እዚያ ላይ መሆኑ ነው። ሴትዮዋ አብራሪ ናት፣ ለክፉው ሰውዬ ነው የምትሠራው። ከጋጣው በኋላ ወገን ትቀይራለች። መርዛማውን ጋዝ ታስቀይራለች፣ ለአሜሪካኖቹም ትነግራለች። ፎርት ኖክስ የተከማቸው የአሜሪካ መንግሥት ወርቅ የሚተርፈው በዚህ ነው። «እንዲሁ መሀል ላይ የገባች ነገር ናት» ብዬ እንዳላመልጥሽ እንኳ መንገድ የለኝም።

ለምን እንደረሳሁት ልንገርሽ። ሰበብ አድርገሽ አትውሰጂብኝ።

ከአያትሽ ልጀምር። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ።) ሳሎን ያለውን ፎቶውን ታውቂዋለሽ፤ ቀጭን ከረባት አስሮ የሰው ቮልስዋገን ላይ የተደገፈበትን። ያ ከረባት የኮነሪ ነው። የመጀመሪያው የቦንድ ፊልም «ዶክተር ኖ» በ1962 ለንደን ላይ ታየ። ታሪኩ ጃማይካ ነው። ካሜራው እዚያ ሲገባ ጃማይካ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች፤ ፊልሙ ሲመረቅ ነፃ ከወጣች ሁለት ወር ገደማ ሆኗት ነበር። እንግሊዝ በ1956 በግብፁ የስዌዝ ቦይ ጉዳይ ተዋርዳለች፣ ባንዲራዋ በየአገሩ እየወረደ ነው። ሲኒማ ቤት ውስጥ ግን አንድ እንግሊዛዊ ብቻውን ዓለምን ያድናል። ለእነሱ መጽናኛ የነበረ ይመስለኛል።

አያትሽ ይህን ቢሰማ ይስቅብኝ ነበር። ከገጠር መጥቶ ቢሮ የገባ ወጣት ነው። ሱፍ እንዴት እንደሚለበስ፣ ሆቴል ገብቶ እንዴት እንደሚታዘዝ ማን ያስተምረው? ኮነሪ አስተማረው። በኋላ ቦንድ ሆኖ ሮጀር ሙር ሲመጣ «ይሄ ደግሞ ከሠርግ የተረፈ ሚዜ ይመስላል» አለና ተወው። ከዚያ በኋላ ቦንድ አላየም።

እኔ ቦንድን ያገኘሁት ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ነው። ስሙኒ ከፍለሽ ትገቢያለሽ። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል፣ አግዳሚው ላይ ተጣበን እንቀመጣለን። ምስሉ መዝለል ሲጀምር ባለቤቱ ዴኩን ከፍቶ የካሴት ማንበቢያውን በአዲስ የብር ኖት ይጠርገዋል። እንግሊዝኛ የሚሰማ ከመካከላችን አልነበረም። ፊልሙን ቀድሞ ያየ ልጅ ከፊት ተቀምጦ «አሁን ያመልጣል! አሁን በጀልባ ይመጣል!» እያለ ይተረጉምልናል፣ ትርጉም ከተባለ። አክተሩ ሲከበብ ትንፋሻችንን እንውጣለን፤ ግን አንሰጋም። ሕጉን እናውቃለን፦ አክተር አይሞትም።

የሙር ቦንድ ቀልደኛ ነው ይላሉ። እኛ ቀልዱን አልሰማነውም። ለኛ ሙር ቅንድቡን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ኮስታራ ሰው ነበር። ስታር ዋርስ በ1977 ዓለምን ሲያናውጥ ጊዜ፣ ቦንድንም በ1979 በ«ሙንሬከር» ጠፈር ላኩት። እኛ ምን ቸገረን፣ አጨበጨብን። በ1985 የመጨረሻውን ሲሠራ 57 ዓመቱ ነበር። ከሩቅ የሚሮጠው ሌላ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። ያኔ አላስታወቀንም። አሁን እኔም 50ን አልፌ ሳየው ለጉልበቱ አዝንለታለሁ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ጨዋ ሰው ነበር። እናቶች እንዲቀየሙት አይፈልግም። መሳም ሊጀመር ሲል ካሴቱን ያሳልፈዋል። ሰዎቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ግራጫ መስመር ስክሪኑን ያቋርጠዋል፣ እኛ እናፏጫለን። ሲቆም ቦንድ መኪና ውስጥ ነው። ስንቱን ፊልም እንደዚህ አየሁት መሰለሽ! ሴቶቹ ይመጣሉ፣ ግራጫ መስመር፣ ከዚያ የሉም። ኋላ በራሴ ቤት፣ በራሴ ዲቪዲ፣ ማንም ሳያሳልፍብኝ ሳየውም ዐይኔ ለምዶ ያሳልፈዋል። አንቺ ያቆምሽው እሱ ያሳለፈውን ነው።

ደግሞ ጋጣው ብቻ አይደለም። በ1987 «ዘ ሊቪንግ ዴይላይትስ» ላይ የሙር ተተኪ ቲሞቲ ዳልተን አፍጋኒስታን ገብቶ ሙጃሂዲን ከሚባሉት እስላማዊ ተዋጊዎች ጋር ሆኖ ሶቪየቶችን ይወጋል። ያኔ ለምዕራቡ ተመልካች ሙጃሂዲን ጀግና ነበር። ከ2001ዱ የአሜሪካ የሽብር ጥቃት በኋላ ያየው ሰው እዚያ ጋ ሲደርስ ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል። ፊልሙ እኮ አንድ ምስል አልተቀየረበትም። ለኛ ለደርግ ልጆች ደግሞ ግራ መጋባቱ ሌላ ነበር፤ ትምህርት ቤት ወዳጃችን የተባለችው ሶቪየት ቪዲዮ ቤት ስንገባ ተተኳሽ ናት።

ከዚያ ሶቪየት ራሷ ፈረሰች። ቦንድም በሕግ ክርክር ተይዞ ስድስት ዓመት ጠፋ። በ1995 «ጎልደንአይ» ሲወጣ በቦንድ አለቃ ወንበር ላይ ተዋናይቷ ጁዲ ዴንች ቁጭ ብላለች። ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ እውነተኛው የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ ኤምአይ 5፣ ስቴላ ሪሚንግተን የተባለች ሴት ዋና ኃላፊ ሆናለት ነበር። ዴንች ቦንድን ጠርታ ሴት የምትንቅ ዳይኖሰር ነህ፣ የቀዝቃዛው ጦርነት ትራፊ ነህ ትለዋለች። ሳትወለጂ ሰምተውሽ ነበር ማለት ነው። ግን ብልጦች ናቸው። ወቀሳውን ራሳቸው ተናገሩና፣ ሰውዬው ያው ሥራውን ቀጠለ።

ያንቺ ቦንድ ዳንኤል ክሬግ ነው። ሲመረጥ ፀጉሩ ቢጫ ነው ብለው አገር ይያዝ አሉ። እኔም ብያለሁ፣ አልዋሽሽም። በ2006 በ«ካሲኖ ሮያል» ቦንድ ሁልጊዜ «ተንጦ፣ ሳይማሰል» የሚለው ማርቲኒ መጠጡ ይናጥ ወይስ ይማሰል ሲባል «እኔ ምን አገባኝ» ዓይነት መልስ ሰጠ። አያትሽ ቢኖር ቲቪውን ያጠፋው ነበር። «ስካይፎል»ን ግን አብረን ነው ያየነው፣ ከሙቪ ቤት በፍላሽ አስጭነን። አሥራ አንድ ዓመትሽ ነበር። መሣሪያ የሚያዘጋጅለት ወጣት አንድ ሽጉጥና አንድ ሬዲዮ ብቻ ሲሰጠው፣ «በቃ? ይሄ ብቻ?» ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። መጨረሻው ላይ አንቺ አለቃዋ ስትሞት አለቀስሽ። እኔን የነካኝ ያቺ ዲቢ 5 ስትቃጠል ነው። አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠን!

2021 ላይ ደወልሽልኝ። የክሬግ የመጨረሻው የቦንድ ፊልም በኮሮና ሦስት ጊዜ ተራዝሞ ያኔ ነው የወጣው፣ አንቺም እዚያ ሲኒማ አይተሽው ስትወጪ ነው። «አባዬ፣ ሞተ» አልሽኝ። «ማን?» ብዬ ክው አልኩ። «ቦንድ» ስትይኝ ተቆጣሁሽ። «አክተር አይሞትም» አልኩሽ።

በኋላ ብቻዬን አየሁት። እናትሽ ተኝታ ነበር። ደሙ ውስጥ የገባው ነገር የሚወዳቸውን ቢነካቸው ይገድላቸዋል። ትንሽ ልጅ አለችው። ከእንግዲህ ሊያቅፋት አይችልም። ሚሳኤሉን እየጠበቀ ደሴቱ ላይ ሲቆም የልጁ አሻንጉሊት ማንገቻው ላይ ተሰክቷል። ያን አሻንጉሊት ሳይ ኤርፖርት ከሸኘንሽ በኋላ ኮቴ ኪስ ውስጥ ያገኘሁት የፀጉር ላስቲክሽ ትዝ አለኝ። አሁንም አለ፣ አልጣልኩትም። 59 ዓመት፣ 25 ፊልም፤ ቦንድ አባት ሊሆን ይችላል ብዬ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም ነበር። ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ቢሆን ኖሮ «አጭበረበሩን፣ ስሙኒያችንን መልስ» ብለን አግዳሚውን እንገለብጠው ነበር።

ደግሞ አልተሸነፍኩም። ጽሑፉ ሁሉ ካለቀ በኋላ «ጄምስ ቦንድ ይመለሳል» ይላል። በዚያ ሌሊት ፎቶ አንስቼ የላክሁልሽ እሱን ነው። በ2025 የቦንድ ፊልሞች ውሳኔ ወደ አማዞን ኩባንያ ዞሯል፣ ዴኒ ቪልነቭ የሚባለውንም ዳይሬክተር መርጠዋል። እንግዲህ ማንን እንደሚያመጡብን እናያለን።

ለፋሲካ ስትመጪ የ1969ኙን የቦንድ ፊልም እንድናይ አስቤያለሁ። ቦንዱ ጆርጅ ላዘንቢ የሚባል አውስትራሊያዊ ነው፣ አንዱን ብቻ ሠርቶ ሄደ። ባገባ ዕለት ሚስቱን ይገድሉበታል፣ ታቅፏት ያለቅሳል። በዚያው ያበቃል። አያትሽ «የሚያለቅስ ቦንድ ምን ያደርግልኛል» ይል ነበር። ዛሬ ከምርጦቹ የሚቆጥሩት ብዙ ናቸው፤ የሉዊ አርምስትሮንግ ዘፈኑም በ2021ዱ ፊልም ተመልሷል። ከዚያ በፊት ግን የሚያናድድሽ ነገር መኖሩ አይቀርም።

ሪሞቱን አንቺ ያዢ። ሻዩን እኔ አፈላለሁ።

አባትሽ