የመዋኛ ገንዳው ውሃ ልኬት በር ላይ ይለጠፍ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ቢሾፍቱ ላይ የኩሪፍቱ ዋተር ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ልጅ ይዞ ለሽርሽር ከአዲስ አበባ የሚወርደው ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። ይህ ደብዳቤ ግን ስለ አንድ ድርጅት አይደለም፤ ገንዳ ሞልቶ ትኬት የሚሸጥን ሁሉ ይመለከታል።

ወላጅ በር ላይ የመግቢያ ዋጋ ይጠይቃል፣ ምግብ ይዞ መግባት ይቻል እንደሆነ ይጠይቃል። የውሃው ክሎሪንና ፒኤች (የውሃውን አሲድነት የሚያሳየው ቁጥር፤ ከፍ ሲል አሲድነቱ ይቀንሳል) ስንት እንደሆነ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስንት ሰዓት ላይ እንደተለካ የሚጠይቅ የለም ማለት ይቻላል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የተለካ ውሃ ቀን 8 ሰዓት ላይ ሌላ ውሃ ነው። ሲያኑሪክ አሲድ የሚባለው ማረጋጊያ ካልተጨመረበት ክሎሪኑን የቀትር ፀሐይ በሁለት ሰዓት ውስጥ አብዛኛውን ያጠፋዋል፤ የተረፈውን ላብ፣ የፀሐይ ቅባትና ሽንት ይጨርሱታል። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሕዝቡ የሚበዛው ልክ በዚያው ሰዓት ነው።

ነፃ ክሎሪን (ከቆሻሻ ጋር ገና ያልተዋሃደው) በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም፣ ፒኤች ከ7.2 እስከ 7.8 ቢሆን መልካም ነው። ሁለቱን ነጣጥሎ ማየት ግን ያሳስታል። ፒኤች 7.5 ገደማ ሲሆን ጀርም የመግደል ጉልበት ያለው የክሎሪኑ ግማሽ ያህሉ ነው፤ 8 ሲደርስ ወደ ሩብ ይወርዳል። ዱቄቱ ክሎሪን፣ ማለትም ካልሲየም ሃይፖክሎራይት፣ ራሱ ፒኤችን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ አሲድ ሳይጨመር ዱቄት ብቻ የሚደፋበት ገንዳ ክሎሪኑ በቁጥር በቂ ሆኖ ሥራው ደካማ ይሆናል።

«ክሎሪኑ ያፍናል፣ ውሃው ንጹሕ ነው» የሚሉም አሉ። የሚያፍነውና ዓይን የሚያቀላው ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ተዋህዶ የሚፈጥረው ክሎራሚን ነው። ሽታው ሲበረታ ገንዳው ተጨንቋል ማለት ነው።

በጣም የሚያሳስበው የሕፃናቱ ገንዳ ነው። ጥልቀቱ ከጉልበት አያልፍም፤ ውሃው ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ይሞቃል፣ ዳይፐር የታጠቀውም ያልታጠቀውም እዚያው ነው። ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ተቅማጥ አምጪ ተሕዋስ በተለመደው የክሎሪን መጠን ለቀናት በሕይወት ይቆያል፤ ልጁ ተቅማጥ ከነበረው፣ ከቆመለት በኋላም ሁለት ሳምንት ገንዳ ባይገባ ይመረጣል። ዳይፐር ገንዳው ዳር ሳይሆን መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ይቀየር። ደግሞም ልጅ ሲሰምጥ አይጮኽም፤ በአየር የሚነፋ የክንድ መንሳፈፊያ ላይፍ ጃኬትን አይተካም፣ ወላጅም ከልጁ ከክንድ ርቀት በላይ መራቅ የለበትም።

መሣሪያ የሌለው ጎብኚ ዓይኑ አለው። በጥልቁ ጫፍ ቆሞ ወለሉ ላይ ያለውን የውሃ መውጫ ወንፊት ይመልከት፤ ጥርት ብሎ ካልታየው አይግባ፣ ከታች ያለ ሰውም አይታይምና። መሞከሪያ ወረቀት ያለው ደግሞ ውሃ ከሚገባበት ቀዳዳ ራቅ ብሎ፣ እጁን እስከ ክርኑ አጥልቆ ይቅዳ፤ ከላይ የተቀዳ ውሃ ትክክለኛውን አያሳይም።

ሸርተቴው ላይ ዚፕና የብረት ቁልፍ ያለው ቁምጣ ቆዳ ይልጣል፣ የሸርተቴውን ፋይበርም ይቧጭራል። በክረምት ነጎድጓድ ከተሰማ ሁሉም ወጥቶ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ 30 ደቂቃ ይጠብቅ። በሆራ አርሰዲ የኢሬቻ ዕለት ለመዋኘት ብሎ ወደ ቢሾፍቱ መንዳት ደግሞ መንገድ ላይ ለመዋል መወሰን ነው።

የምንጠይቀው ትኬት መቁረጫው አጠገብ አንድ ጥቁር ሰሌዳ ነው፦ የእያንዳንዱ ገንዳ ጥልቀት፣ ክሎሪን፣ ፒኤች፣ የተለካበት ሰዓት። ሕዝብ በሚበዛበት ቀን በየሁለት ሰዓቱ ይታደስ፤ ክሎሪኑ ወይም ፒኤቹ ከተገቢው ልክ ከወጣም ያ ገንዳ ተስተካክሎ እስኪለካ ይዘጋ። ፈቃድ የሚሰጡና የሚቆጣጠሩ መሥሪያ ቤቶችም ይህን የፈቃድ ማደሻ መስፈርት ቢያደርጉት ከባድ ወጪ አይጠይቅም።

ከአክብሮት ጋር፣
የመዋኛ ገንዳ ውሃ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ