ስለ መኪናሽ ሰርቪስ

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ከተጠፋፋን እኮ ቆየን። ኑሮ በየፊናችን ሲያሯሩጠን መደዋወሉም መጻጻፉም ቀረ። ከሐሳቤ ግን ወጥተሽ አታውቂም። መልእክትሽ ሲደርሰኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ! የልጆቹን ማደግ፣ የአዲሱን ሥራሽን ነገር፣ ከዚያም መኪና መግዛትሽን ሳነብ ልቤ ሞላ። እንኳን ደስ ያለሽ፤ ለደግ ያድርግልሽ።

"በየጊዜው ሰርቪስ እያልኩ ለሸጠልኝ ካምፓኒ የምከፍለው ገንዘብ እውነት ለመኪናዬ ይጠቅማል ወይስ ዝም ብዬ እየተበላሁ ነው?" ብለሽ ጠይቀሽኛል። በሁለት መስመር የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። ስለዚህ ረጋ ብለሽ አንብቢው።

መጀመሪያ ሁለት ነገር ለዪልኝ። ሰርቪስ ማስደረግ አንድ ነገር ነው። የት ማስደረግ ደግሞ ሌላ ነው። ብዙ ሰው በካምፓኒ ዋጋ ሲማረር ሁለቱንም አብሮ ይተዋል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ዋጋ ሲወደድብሽ ጋራዥ ብትቀይሪ ምንም አይደለም። ሰርቪሱን ከዘለልሽው ግን ወጪው አይቀርልሽም፤ ትንሽ ቆይቶ ብዙ እጥፍ ሆኖ ይመጣል።

አሁን ተነሺና ከመኪናው ጋር የተሰጠሽን መጽሐፍ አውጪ። ጋቢናው ፊት ለፊት ባለው ኪስ ውስጥ ነው፤ አብዛኛው ሰው ከነላስቲኩ ነው የሚያኖረው። ወደ መጨረሻው አካባቢ በኪሎሜትርና በወር የተከፋፈለ ሰንጠረዥ አለው። በዚህ ኪሎሜትር ይሄ ይቀየራል፣ በዚህ ይሄ ይታያል እያለ ይዘረዝራል። መኪናውን የሠራው ፋብሪካ የሚጠይቅሽ ያንን ነው። ካምፓኒው ጋ ስትሄጂ የሚሰጥሽ ወረቀት ግን ሁልጊዜ ከዚያ ሰንጠረዥ ጋር አንድ አይደለም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጪና በጣትሽ እየተከተልሽ መስመር በመስመር አመሳክሪ። ወረቀቱ ላይ ኖሮ መጽሐፉ ላይ የሌለ ሁሉ ጥያቄ ይነሳበታል።

የሚጨመሩትን እንኳ አስቀድሜ ልንገርሽ። የሞተር እጥበት፣ የኢንጀክተር (ነዳጅ ወደ ሞተሩ የሚረጨው ዕቃ) ጽዳት፣ ነዳጅ ውስጥ የሚጨመር ፈሳሽ፣ ጎማ ውስጥ የሚሞላ ናይትሮጅን። የምንተነፍሰው አየር ራሱ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ለተራ መኪና ጎማ ለቀሪው 22 በመቶ ብሎ መክፈል አያዋጣም፤ ዋናው ነገር የጎማውን አየር በየወሩ መለካት ነው። እጥበቱና ጽዳቱም ሞተሩ ችግር ካላሳየ በቀር አያስፈልግም። የሚቀበሉሽ ሰዎች ክፉዎች ናቸው እያልኩሽ አይደለም። በብዙ ቦታ ገቢያቸው ከሚሸጡት ሥራ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ይህን ልብ ብለሽ ስሚያቸው።

ሰንጠረዡን ስታነቢ አንድ ነገር እንዳያመልጥሽ። ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ለተራ አነዳድ፣ ሌላው ለከባድ አነዳድ። ከባድ ሲባል ጭነት ብቻ እንዳይመስልሽ። አጭር አጭር መንገድ መንዳት፣ አቧራ፣ ትራፊክ ውስጥ ሞተር ሳይጠፋ መቆም፣ ኃይለኛ ሙቀት ወይም ብርድ፣ ሁሉም ከባድ ይባላሉ። ቤትና ሥራ ቦታሽ ቅርብ ለቅርብ ከሆነ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ነው የምታጠፊው። ያኔ ዘይቱ ውስጥ የገባው እርጥበትና ነዳጅ ተንኖ አይወጣም። እኔ እንደምገምተው አንቺ ከባዱ ውስጥ ነሽ።

በዘይት ላይ አትደራደሪ። ዘይት እያገለገለ ሲሄድ ይጠቁራል፣ ይወፍራል፣ ውስጡ የተጨመሩት መከላከያዎችም ያልቃሉ። ከቆየ ደግሞ እንደ ጭቃ ሆኖ ቀጫጭኖቹን የዘይት መንገዶች ይዘጋል። ሞተርሽ ቱርቦ (ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ ማሽን) ካለው ይበልጥ ተጠንቀቂ። የቱርቦ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል፤ ዘንጉን ተሸክሞ ከመፋተግ የሚጠብቀው ያው ዘይቱ ነው። ዛሬ ሲንተቲክ (በፋብሪካ የተቀነባበረ) ዘይት ለሚጠቀሙ መኪኖች ብዙ ፋብሪካዎች 10,000 ኪሎሜትር ወይም 1 ዓመት ይላሉ፤ ቀድሞ በደረሰው ነው የሚቆጠረው። 15,000 የሚሉም አሉ። መጽሐፍሽ 10,000 እያለ የመስታወትሽ ላይ ወረቀት በ5,000 ተመለሺ ካለሽ ለምን ብለሽ ጠይቂ። አነዳድሽ ከባድ ስለሆነ ነው ካሉሽ አሳማኝ ነው። "እኛ ጋ እንደዚህ ነው" ካሉሽ ግን አይበቃም።

ሰው የሚረሳው የፍሬን ዘይትን ነው። ይሄ ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል። ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን የሚፈላበት ሙቀት እስከ 155 ድረስ ሊወርድ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ደጋግመሽ ስትይዢ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይደርሳል። ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፤ ፔዳሉን ስትረግጪው እስከ ወለሉ ይሄድና መኪናው አይቆምም። ከዚያ በፊት የሚያስጠነቅቅሽ ምልክት ላይኖር ይችላል። ብዙ ፋብሪካዎች በየ2 ዓመቱ ይቀየር የሚሉት ለዚህ ነው። ይሄ ወረቀቱ ላይ ሲመጣ ሳታቅማሚ ክፈዪ።

የታይሚንግ ቺንጋም (የሞተሩን ፒስተኖችና ቫልቮች በእኩል ጊዜ የሚያስኬደው ቀበቶ) እንደዚሁ ነው። መጀመሪያ ሞተርሽ ቺንጋ ይሁን ሰንሰለት እወቂ። ቺንጋ ከሆነ እንደ መኪናው ዓይነት ብዙ ጊዜ ወደ 100,000 ኪሎሜትር አካባቢ ይቀየራል፤ ዕድሜም ይቆጠራል። በብዙ ሞተሮች ላይ ከተበጠሰ ፒስተኑ ቫልቮቹን ይመታቸዋል። ከዚያ በኋላ ቺንጋ መቀየር ቀርቶ ቴስታታ (ቫልቮቹ ያሉበትን የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ማውረድ ይመጣል።

ካምፓኒው ከሚገባው በታች የሚልበትም ጊዜ አለ። የአውቶማቲክ ካምቢዮ (ማርሽ በራሱ የሚቀይረው ክፍል) ዘይት "የዕድሜ ልክ ነው፣ አይነካም" ሲሉሽ ዝም ብለሽ አትመኚ። ለብዙ መኪና አምራቾች ካምቢዮ የሚሠራው የጀርመኑ ዜድ ኤፍ ራሱ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎሜትር ባለው ውስጥ ዘይቱ እንዲቀየር ይመክራል። መኪናውን ለረጅም ጊዜ ልትይዢው ካሰብሽ አስቀይሪው።

እንግዲህ የት ይሠራ? ዋስትናው እስኪያልቅ ካምፓኒው ጋ ብትቆዪ ደስ ይለኛል። በሕግ ግዴታ ሆኖ አይደለም። ለምሳሌ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ ሕግ አለ፤ ሰርቪስ ሌላ ጋራዥ አስደረግሽ ተብሎ ብቻ ዋስትና አይሰረዝም። በአውሮፓ ኅብረትም ተመሳሳይ መብት አለ። ያንቺን የዋስትና ወረቀት ግን ራስሽ አንብቢው። እኔ የማስበው ስለ ክርክሩ ነው። ሞተር ወይም ካምቢዮ በዋስትና ዘመኑ ቢበላሽ፣ ሙሉ የሰርቪስ መዝገብ ያለው ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ይጠይቃል። ዋስትናው ባለቀ ማግስት ለሚመጣ ብልሽት እንኳ ፋብሪካው ወጪውን የሚጋራበት ጊዜ አለ፤ ያኔም መጀመሪያ የሚያዩት መዝገብሽን ነው። ስትሸጪውም ገዢው ያንን መዝገብ ይጠይቅሻል።

ታዲያ ስትሄጂ "በመጽሐፉ መሠረት የ20,000 ኪሎሜትሩን ሰርቪስ ብቻ ሥሩልኝ፤ ሌላ ካገኛችሁ ሳትነኩ ደውሉልኝ" በያቸው። ይህችን ከለመድሽ የዋጋው ጉዳይ ግማሹ ይቀላል።

ዋስትናው ሲያልቅ ወደ ጥሩ የውጭ ጋራዥ ተሻገሪ። በአብዛኛው የሰዓት ክፍያቸው ያነሰ ነው፤ መኪናሽንም አንድ ሰው በተከታታይ ያውቀዋል። ጥሩ መካኒክ አሮጌውን ዕቃ ያሳይሻል፤ የገባውን ዘይት ዓይነትና ቁጥር ደረሰኙ ላይ ይጽፍልሻል። ቀንና ኪሎሜትርም መኖሩን አረጋግጪ። ካምፓኒውን ለሶፍትዌር፣ ለቁልፍና ለመሳሰለው ጠብቂው። ፋብሪካው በራሱ ጥፋት መኪናዎችን ሲጠራ ግን የትም ሰርቪስ ብታስደርጊ ጥገናው በነፃ ነው። ባለ17 ፊደልና ቁጥሩን የሻንሲ ቁጥርሽን ሰጥተሽ አንድ ጊዜ አስጣሪ።

ለካቢን ፊልትሮ (ወደ መኪናው ውስጥ የሚገባውን አየር የሚያጣራው) ግን ለማንም የማስቀየሪያ አትክፈዪ። በብዙ መኪና ያው መጽሐፉ ከነበረበት ኪስ ጀርባ ነው። ኪሱን ከሁለቱም ጎን ጫን አድርገሽ ስታወርጂው ጠፍጣፋ ክዳን ታገኛለሽ። ክዳኑን ስትስቢው ፊልትሮው ተከትሎ ይወጣል፤ ቅጠልና አቧራ ሞልቶት ታዪዋለሽ። አዲሱን ስታስገቢ ጎኑ ላይ ያለችው ቀስት የአየሩን አቅጣጫ እንድትከተል አድርጊ። ልጆቹም ያግዙሽ፤ ይወዱታል።

የሰንጠረዡን ገጽና ካምፓኒው የሰጠሽን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ስንት ኪሎሜትር እንደነዳሽም ጻፊልኝ። አብረን እያየን የሚቀረውንና የሚሠራውን እንለያለን። ቀጠሮሽ ቅርብ ከሆነ ደግሞ አትጻፊ፣ ደውዪልኝ። ድምፅሽንም ልስማው።

ልጆቹን ሳሚልኝ።

የምትወድሽ ጓደኛሽ